ስለ አንድ ቃል ሰቆጣ ላይ የተጠየቅነው

በ1974 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ከቀትር በኋላ፣ የጥናት አማካሪዬ የነበሩ ምሁር ከአዲስ አበባ ወደ ሰቆጣ በሬድዮ መገናኛ ሦስት ዐረፍተ ነገር ላኩ። የመጀመሪያው እውነት ነበር፤ እኔን አዳነኝ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሐሰት ነበሩ፤ በእነርሱ ምክንያት መምህር ኪሮስ በጭነት መኪና ተወሰደ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚስቱም፣ እናቱም፣ እኔም አላየነውም። ይህን የምጽፈው ለማዘን ለሚፈልግ አንባቢ አይደለም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ለማወቅ ለሚፈልግ ነው።

ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ነበርሁ። በዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህርት ሆኜ እያስተማርሁ ለሁለተኛ ዲግሪ የምጽፈው ጥናት በአንድ ቃል ላይ ነበር፤ «ብር» በሚለው ቃል። አማርኛ ተናጋሪ «ብር» ሲል ማዕድኑን ወይም ገንዘቡን ማለቱ ነው፤ ቃሉም ከግዕዙ «ብሩር» የወረደ ነው። በዋግ የሚነገረው ኽምጣንጋ ግን የአገው ቋንቋ ነው፤ በኽምጣንጋ «ብር» ደም ነው። ዐረብኛ የተማረ ሰው ለወላጅ የሚደረግን በጎነት «ብር» ይለዋል። ቱርክ መቁጠር ሲጀምር «ቢር» ይላል፤ አንድ ማለቱ ነው። ከእነዚህ ቃላት አንዱም ከሌላው አልተወለደም። የሰው አፍ የሚያወጣቸው ድምፆች ጥቂት ናቸው፤ ስም የሚሹት ነገሮች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ እዚህም እዚያም መገጣጠም አይቀርም። የሙያችን የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው፤ መመሳሰል ዝምድና አይደለም።

አማካሪዬ ግን ሌላ ተስፋ ነበራቸው። በዋግ ሽማግሌዎች ነፍሰ ገዳይን ከሟች ቤተ ሰብ ጋር ሲያስታርቁ የደም ካሳ ያስከፍላሉ። እንግዲያው፣ ይሉ ነበር አማካሪዬ፣ ገንዘቡ ስሙን ያገኘው ከደሙ ይሆናል። ያማረ ታሪክ ነበር። አላመንሁበትም፤ ነገር ግን ሐሰትነቱን ለማሳየት መፈተን ነበረብኝ።

ያማረ ታሪክ ደግሞ ቶሎ ይዛመታል። አንድ ሰው ገበያ ወጥቶ «ለካ ብራችን ከደማችን የመጣ ነው» ብሎ ቢያወራ፣ በሳምንቱ የምጠይቀው ሁሉ ይህንኑ ከአባቶቼ የሰማሁት ነው ብሎ ይነግረኛል። ይህን ለመከላከል አማካሪዬ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየጻፉ ያስተማሩን ደንብ ነበር። ተናጋሪውን ለብቻው ጠይቅ። ቃሉን አንተ አትጥራለት፤ ነገሩን ጠይቀህ እርሱ ይጥራው። ጥናትህ እስኪያበቃ ድረስ የተጠየቀውን ለማንም እንዳይነግር ቃል አስገባው። ይህን ደንብ እስኪሰለቸን ሰምተነዋል። የክፍል ጓደኞቼ ዛሬም አሉ፤ ቢጠየቁ ያስታውሱታል።

ኪሮስንም የሰጡኝ እርሳቸው ነበሩ። «ሰቆጣ ስትደርሺ መምህር ኪሮስን ፈልጊ» አሉኝ፤ «ሁለት ክረምት ሠርቶልኛል። ቤቱ ገብቼ በልቻለሁ። ከእርሱ የተሻለ ኽምጣንጋም አማርኛም የሚያውቅ አታገኚም።»

ኪሮስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀልዱን ከመጨረሱ በፊት ራሱ የሚስቅ ሰው። እኩያዬ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን አንቺ በለኝ ብዬ ብለምነውም እርስዎ ማለቱን አልተወም። ሥራ በጀመርንበት ቀን የደንቡን ዝርዝር ስነግረው አንገቱን ነቀነቀ።

«መምህርት፣ ይህ ሦስተኛው ነገር ቢቀር?»

«የትኛው?»

«ለማንም አትንገሩ የሚለው። የአዲስ አበባ ሰው አትናገር ሲባል ለሦስት ሰው ብቻ ይናገራል። የእኛ ሰው ግን የምር ይመስለዋል፤ ዝም ይላል።»

«ዝም እንዲል አይደለም ወይ የምንፈልገው?»

«ያስፈራኝ እርሱ ነው» ብሎ ሳቀ። «ጋሼም እንደ እርስዎ ድርቅ ያሉ ነበሩ።» ጋሼ የሚለው አማካሪዬን ነበር።

በከተማው መጀመሪያ የጠየቅነው ሐጂ ሰይድን ነበር፤ ጨውና ጨርቅ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸው። አማርኛ፣ ኽምጣንጋና ትግርኛ ይናገራሉ፤ ቁርአን የቀሩ ስለሆኑ የዐረብኛውንም ትርጉም ያውቁታል። «በኪታብ ያለው ብር፣ ልጄ፣ እናትሽን ስትጦሪ ነው» አሉኝ። «ሱቄ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ነጋዴ አላህ ይጠብቀው።» ቃል እንዲገቡ ስንጠይቃቸው «እሺ እሺ» ብለው እጃቸውን አወዛወዙ፤ በዚያው ቀን ለግማሽ ገበያ እንደሚናገሩ ገባኝ።

እማማ አበሩ ግን እንዲህ አልነበሩም። ቤታቸው ወደ ጽጽቃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቁልቁለቱ ላይ ነበር፤ ከኽምጣንጋ በቀር ሌላ ቋንቋ አይናገሩም። ኪሮስ ፍየል ሲታረድ የሚፈስሰው ምን እንደሚባል ጠየቃቸው። ተናገሩ። ሦስት ጊዜ ወደ ድምፅ መቅጃ ቴፔ ደገሙት። ለማንም እንዳይነግሩ ሲጠይቃቸው ተነሥተው ቆሙና ነጠላቸውን አደግድገው በደብሩ ታቦት፣ በመስቀለ ክርስቶስ ማሉ። ኪሮስ ሊያስቆማቸው እጁን ዘረጋ፤ አልደረሰም።

«አለቀ» አለኝ ከቤቱ ስንወጣ። «በታቦት ማሉ። ከእንግዲህ ለንስሓ አባታቸውም አይናገሩ። እኛ አገር ያስማለ ሰው ራሱ ቆሞ፣ በአንደበቱ፣ ምስክር ባለበት ካልፈታ መሐላው አይፈታም።»

በዚያ ዘመን ሰቆጣ ከተማው በመንግሥት እጅ ነበር። ከከተማው ወጣ ሲባል ግን መንገዱን ከወታደሩና ከዐማፅያኑ ማን እንደያዘው የሚያውቅ በዚያ ጠዋት የተጓዘበት ሰው ብቻ ነበር። እኛ በየመንደሩ እየዞርን ሰውን ከዘመዶቹ ለይተን፣ ጎጆ ውስጥ አስገብተን፣ አንድ ቃል አስብለን፣ ምስጢር አስምለን እንወጣ ነበር። ይህን ዛሬ ስጽፈው አንባቢ የሚያስበውን አውቃለሁ። ያኔ ለእኔ ንጹሕ ሥራ ነበር።

በገበያ ቀን ጠዋት ሐጂ ሰይድ ሱቅ ደጃፍ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ሁለት ታጣቂዎች መጡ። አንደኛው ቴፔን ከጉልበቴ ላይ አነሣው። ሌላው ኪሮስን በስሙ ጠራው። ሐጂ ሰይድ ጨርቅ የሚለኩበትን የክንድ ዘንግ ይዘው ቆመው ቀሩ። ገበያተኛው ዞር ብሎ ማየቱን ወዲያው ተወ፤ ሁሉም በፊቱ ያለውን እህል መመልከት ጀመረ። መፍራት የጀመርሁት በታጣቂዎቹ አይደለም፤ በዚያ እህል መመልከት ነው።

ወደ ጦር ሰፈሩ ወስደው እኔን ለብቻዬ ከአዛዡ ፊት አቀረቡኝ። ሻምበሉ ጥርሱን ያመው ነበር። ጉንጩ አብጦ ቅርንፉድ ያኝክ ነበር፤ ክፍሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸት ነበር። ድምፁ ዝግ ያለና ለስላሳ ነው። ጠረጴዛው ላይ ቴፑን አስቀምጦ ቁልፉን ተጫነ።

«ብር። ብር። ብር» አሉ እማማ አበሩ። ከዚያ የጎልማሳ ድምፅ፣ ከዚያ የሌላ ሴት፣ ከዚያ ሳል የሚቀድመው የሽማግሌ ድምፅ፤ ሁሉም ያንኑ ቃል፣ ሁሉም ሦስት ጊዜ። በጎጆዎቹ ውስጥ ሆኜ ስቀዳው የጥናት መረጃ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ስሰማው ለእኔም ሌላ ነገር መሰለኝ።

«ለምን ሦስት ጊዜ?» አለ ሻምበሉ።

«ድምፁን በትክክል ለመለየት።»

«በአንዱ አልሰማሽም?»

«የሰማሁ ይመስለኛል። መምሰል ግን በሙያዬ አይበቃም።»

«በእኔም አይበቃም» አለ። «ቃሉ ምን ማለት ነው?»

በቅደም ተከተል ነገርሁት። በአማርኛ ገንዘብ፣ በኽምጣንጋ ደም፣ በዐረብኛ በጎነት፣ በቱርክ ቋንቋ አንድ።

«ቱርክ ሰቆጣ ውስጥ ምን አለው?»

«ምንም። የጥናቴ ፍሬ ነገር ይኸው ነው። ቃላቱ እርስ በርሳቸው ምንም የላቸውም።»

በግራ እጁ ጣቶች ቆጠራቸው። «ገንዘብ። ደም። በጎነት። አንድ። እኔ ይህን ከዚህ በፊት አንብቤዋለሁ፤ ዋሻ ውስጥ የተገኘ የወንበዴዎች ወረቀት ላይ። ገንዘብ አዋጡ፣ ደማችሁን አፍስሱ፣ በጎ ነገር ይመጣል፣ አንድ ሁኑ። ከእነዚያ ጋር የሚመሳሰለው በአጋጣሚ ነው?»

«በአጋጣሚ ነው። መመሳሰል ዝምድና አይደለም።»

«ለቃል ይሆናል» አለ። «ሰው ሲመሳሰል ግን አንድ ቤት አድሯል ማለት ነው።» ቅርንፉዱን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዛወረ። «እነዚህን ሰዎች ለማንም እንዳይናገሩ ብላችኋቸዋል?»

«ብለናል። የትምህርት ክፍላችን ደንብ ነው። ያዘዝሁት እኔ ነኝ።»

«በየትኛው ቋንቋ ተነገራቸው?»

«በኽምጣንጋ።»

«በማን አፍ?»

መልሱን ያውቀው ነበር፤ የጠየቀኝ ከእኔ አፍ እንዲወጣ ነው። ዝምታዬንም በፈገግታ ተቀበለው።

የእህል መጋዘን ውስጥ አስገቡኝ። ባዶ ጆንያ ተከምሯል፤ የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ዓይን ያቃጥላል። ኪሮስ በቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ ነበር፤ ሲያስል ይሰማኛል። ስለ ፍርሃት እስከዚያ ቀን የማውቀው ከመጻሕፍት ነበር፤ ልብ ይመታል፣ ጉልበት ይከዳል ሲባል። የእኔ እንዲህ አልነበረም። አንደበቴ ነው የከዳኝ። ለሻምበሉ የምለውን በአእምሮዬ ሳሰናዳ ዐረፍተ ነገሩ መካከል ላይ ሲደርስ ማሰሪያ ግሡ ይጠፋኛል፤ እንደገና እጀምራለሁ፤ እንደገና ይጠፋኛል። ግቢው ውስጥ የቆመ የጭነት መኪና ነበር። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር ሁሉም ነገር በውስጤ ጸጥ ይላል፤ ሲጠፋ ደግሞ ያቋረጥሁትን ዐረፍተ ነገር መልሼ እጀምራለሁ።

«መምህርት» አለ ኪሮስ ከግድግዳው ማዶ፣ በዝግታ።

«አቤት።»

«የቱርክን ነገር ባይነግሯቸው ጥሩ ነበር።»

ሳቅሁ። ከሆዴ ነው የሳቅሁት። ጠባቂው ቆርቆሮውን በሰደፍ መታው።

በማግስቱ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ወደ ግቢው አወጡን። እማማ አበሩ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከመንደራቸው አምጥተዋቸዋል። ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው አፋቸውን ሸፍነዋል። ሻምበሉ የእኔን ዘዴ በእኔው ላይ ተጠቅሞበት ነበር፤ በቴፑ ላይ ድምፃቸው ያለውን ሰዎች ይዞ፣ አንዱን ከሌላው ለይቶ፣ ኽምጣንጋ ትንሽ በሚያውቅ ታጣቂ አፍ፣ ምን እንደተጠየቁ ለየብቻ ጠይቋል። ሌሎቹ ትንሽ ትንሽ ተናግረዋል። እማማ አበሩ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። በእርሱ ዓይን ከሁሉ የበለጠ የሚያውቁት እርሳቸው ነበሩ፤ ከሁሉ የበለጠ ዝም ያሉት እርሳቸው ስለሆኑ።

«ለመጨረሻ ጊዜ ትጠየቅ» አለ። ከታጣቂዎቹ አንዱ ገመድ ይዞ ቀረበ።

ኪሮስ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጣ። «ጌታው፣ ያስማልኋቸው እኔ ነኝ። እኔ ካልፈታኋቸው ቢገድሏቸውም አይናገሩም። ይፍቀዱልኝና በፊትዎ ልፍታቸው።»

«በዚያ ቋንቋ ምን እንደምትላት በምን ዐውቃለሁ?»

«ሐጂ ሰይድ ይተርጉሙ። ኽምጣንጋ ያውቃሉ።»

ሐጂ ሰይድን ከሱቃቸው አመጧቸው። ጥምጣማቸው ላልቶ ነበር። «ጌታው፣ እኔ ጨው ሻጭ ነኝ፤ ብሳሳትስ?» አሉ። «አትሳሳትም» አለ ሻምበሉ። «ብትሳሳት ያኔ ጨው አትሸጥም።»

ኪሮስ በእማማ አበሩ ፊት ቆመና በኽምጣንጋ ተናገረ። ሐጂ ሰይድ መሬት መሬት እያዩ ተረጎሙ። «'እማማ፣ ያስማልሁዎትን መሐላ በእነዚህ ሰዎች ፊት አንሥቼልዎታለሁ፤ የጠየቅሁዎትን ሁሉ ለእኚህ ሰው ይንገሩ' ይላል።»

እማማ አበሩ ከአፋቸው ላይ ነጠላቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ተናገሩ። ሐጂ ሰይድ አልተረጎሙም።

«ምን አለች?»

«እርሷ… አሮጊት ናት ጌታው።»

«ምን አለች?»

«'ልጄ፣ አስገድደውህ ነው ወይስ በፈቃድህ?' ትላለች።»

ኪሮስ ተንበረከከና ዓይን ለዓይን እያያቸው መለሰ። «'በፈቃዴ ነው' አለ» አሉ ሐጂ ሰይድ።

አሮጊቷ ፊቱን መረመሩ። ከዚያ ጀመሩ፤ አንዴ ከጀመሩ በኋላ ቆጣ እያሉ፣ ለሻምበሉ ሳይሆን ለሐጂ ሰይድ ይነግሯቸው ነበር። «'ፍየል ሲታረድ የሚፈስሰው ምንድን ነው አለኝ። ነገርሁት። ሦስት ጊዜ በይ አለኝ። አልሁ። ይህች ልጅ ውሃ ለምና ጠጣች። ሄዱ' ትላለች።»

«ሌላስ?»

«'ሌላማ፣ ይህን የማያውቅ ጎልማሳ አግኝቼ ምን እጨምርለታለሁ?' ትላለች።»

ከታጣቂዎቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው። ለአንዲት ደቂቃ ያህል ሁላችንም ወደ ቤታችን የምንሄድ መሰለኝ። ሻምበሉ ግን አልሳቀም። ያበጠ ጉንጩን በመዳፉ ይዞ እማማ አበሩን ተመለከታቸው።

«ፍየሉ ማን ነው?» አለ።

እዚህ ላይ አንባቢን አንድ ነገር እንዲያስተውል እጠይቃለሁ። ሻምበሉ ሞኝ አልነበረም። እያንዳንዱ ነገር ከሌላው ጋር መያያዝ አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነበር፤ እንዲህ ላለ ሰው ንጹሕ መልስ የሚባል ነገር የለም። ፍየልም ሰው ይሆናል፤ ውሃ መጠጣትም ምልክት ይሆናል። የሙያዬ መጥፎ ተማሪዎችም እንዲሁ ያስባሉ። ልዩነቱ እነርሱ የሚያበላሹት ወረቀት መሆኑ ነው።

የሆነ ሆኖ ትንሽ ተጠራጠረ። የሬድዮ ሠራተኛውን ጠርቶ እዚያው ግቢው ውስጥ፣ እየሰማሁት፣ ወደ አዲስ አበባ የሚላከውን አስጻፈው። ስሜን ጠቅሶ እንዲህ አለ፦ «ይህች መምህርት የእናንተ ናት ወይ? የሚጠየቁ ሰዎች ምስጢር እንዲጠብቁ የሚያዝ የጥናት ደንብ አላችሁ ወይ? ኃላፊው ወዲያው ይመልስ።» ሁለት ጥያቄ ነበር፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። ሠራተኛው መልሶ አነበበለት፤ ያው ነበር።

እማማ አበሩን ለቀቋቸው። አልሄዱም። ከግቢው በር ውጭ፣ ግንቡን ተደግፈው ተቀመጡ።

እኔና ኪሮስ መጋዘኑ ጥላ ሥር ጎን ለጎን እንድንቀመጥ ተፈቀደልን። እርሱ ደስተኛ ነበር። «አበቃ» አለኝ። «ጋሼ ደንባቸውን ይረሳሉ ብለው ነው? እኔንም ሁለት ክረምት አሰልችተውኛል። አሁን እንዲያውም ለሻምበሉ ትምህርት ይሰጡታል፤ በሬድዮ።» ትንሽ ቆይቶ «በቱርክ ሁለት ምን ይባላል?» አለ።

«ኢኪ።»

«ኢኪ» ብሎ በአፉ ሞከረው። «ይህ ከምንም ጋር አይመሳሰልም። በሚቀጥለው ጊዜ እርሱን ያጥኑ።»

መልሱ የመጣው ፀሐይ ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ ነው። ሻምበሉ ወረቀቱን ቆሞ አነበበው፤ ከዚያ ለእኛ ጮክ ብሎ አነበበልን።

«'መምህርቷ የክፍላችን ባልደረባ ናት። የሚጠየቁ ሰዎች ምስጢር እንዲጠብቁ የሚያዝ ደንብ የለንም። ረዳቷ የተባለውን ሰው አናውቀውም።'» ከዚያ የአማካሪዬን ስም አነበበ።

ኪሮስ ተነሣ። «ይቅርታ ጌታው፣ አንዴ ይድገሙልኝ» አለ። ሻምበሉ በትዕግሥት ደገመለት። ኪሮስ የተሳሳተ ተማሪውን ሲያርም እንደሚያደርገው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ። «ጋሼ ናቸው ይህን ያሉት?» አለኝ። ወደ እኔ ዞሮ ነበር የጠየቀው።

«ሐሰት ነው» አልሁ። «ደንቡን ራሳቸው አስተምረውናል። ይህን ሰውም የሰጡኝ ራሳቸው ናቸው። ያዘዝሁትም እኔ ነኝ።»

«አለቃሽን ውሸታም እያልሽ ነው?»

«አዎ።»

«ለአንቺ ብሎ አንድ እውነት ተናግሮልሻል፤ እርሱን ያዢ» አለ ሻምበሉ። ድምፁ አሁንም ለስላሳ ነበር። «ደንቡ የዩኒቨርሲቲው ካልሆነ ያመጣው ይህ ሰው ነው። አንቺ ቋንቋውን አታውቂም። በቋንቋው ምን ሲያስምላቸው እንደከረመ አንቺም አታውቂ፣ እኔም አላውቅ። እርሱ ያስረዳናል።»

ሞተሩ ተነሣ። በዚህ ጊዜ አልጠፋም። ኪሮስን እጆቹን ወደ ኋላ አሥረው ወደ መኪናው ሲወስዱት ልከተለው ተነሣሁ፤ በትከሻዬ ይዘው አስቀመጡኝ። እላዩ ላይ ከወጣ በኋላ ወደ እኔ ጮኸ፤ ቃል በቃል የተናገረው ይህ ነው፦ «መምህርት፣ እማማን የሚሸኛቸው ሰው ይፈልጉ፤ መንገዱ ላይ ይመሽባቸዋል!»

ሐጂ ሰይድ ሸኟቸው። እኔን በማግስቱ ወደ ቆረም በሚሄድ የወታደር መኪና ጫኑኝ። ወጣ ገባ በሚለው መንገድ ላይ ሳለሁ ነው ያስተዋልሁት፤ ከሰቆጣ የተላከው መልእክት ውስጥ «ረዳት» የሚል ቃል አልነበረም።

አማካሪዬን አዲስ አበባ በገባሁበት ሳምንት ጠየቅኋቸው። በራቸውን ዘግተው «አንቺን ለማትረፍ ያልሁት ነው፤ ጊዜው ነው» አሉኝ። ስለ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ስጠይቃቸው ስብሰባ አለብኝ ብለው ተነሡ። ከዚያ በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ ኪሮስን ጠየቅሁ፤ መጀመሪያ እንዲህ የሚባል ሰው አልታሰረም አሉኝ፤ ቀጥሎ ስለ እርሱ መጠየቄን እንድተው ነገሩኝ። መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ እንደገና ጠየቅሁ። የተቀበረበትን የሚያውቅ አላገኘሁም።

ሰቆጣ ተመልሼ ሚስቱን አግኝቻታለሁ። አላለቀሰችም፤ እኔም አላለቀስሁም። «ጥናቱ አለቀ?» አለችኝ።

«አላለቀም። ተውሁት።»

«እንግዲያው እርሱ ስለ ምን ሄደ?» አለች። ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እንደ ስድብ እቆጥረው ነበር። እርሷ ለማወቅ ነበር የጠየቀችው።

አንባቢዎቼ፣ ገጠመኝ ሲጻፍ መጨረሻው ላይ የተገኘ ትምህርት ይጠበቃል። እኔ ትምህርት አላገኘሁም፤ የተለወጠብኝን ግን ልንገራችሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ሰው ለማንም አትንገር ብዬ አላውቅም። ተማሪዎቼ ሰውን በአደባባይ፣ ጎረቤቶቹ በተሰበሰቡበት፣ እየተሳሳቁና እየተራረሙ ይጠይቃሉ። መረጃቸው ይበከላል፤ አንዱ የሌላውን ይደግማል፤ ያማረ ታሪክ ይገባበታል። ባልደረቦቼ ይህን ድክመት ይሉታል፤ ትክክል ናቸው። የተበከለ መረጃ ይዤ ማረም እችላለሁ። የጥርስ ሐኪም ዘንድ የቅርንፉድ ዘይት ሽታ ሲመጣብኝ ደግሞ አሁንም ማሰሪያ ግሥ ይጠፋኛል፤ ይህን ማረም አልቻልሁም።

አንድ ነገር ግን ከሙያዬ አልጣልሁም። መመሳሰል ዝምድና አይደለም። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት አማካሪዬን ከመወንጀል ታቅቤያለሁ። የሬድዮ ሠራተኛው በመንገድ ላይ አንድ ቃል ጨምሮ ይሆናል ብያለሁ፤ ነገር ግን የጻፈውን መልሶ ሲያነብበው ሰምቻለሁ። ሻምበሉ ሌላ መልእክት በስውር ልኮ ይሆናል ብያለሁ፤ ይሆናል። አማካሪዬ ሆይ፣ እርስዎ ኪሮስ ሰቆጣ ውስጥ ረዳቴ እንደሆነ ስለሚያውቁ ራስዎን ለመከላከል ቀድመው ክደውት ይሆናል ብያለሁ፤ ይህም ይሆናል። ነገር ግን «ረዳቷ የተባለውን» ነው ያሉት። የተባለ ነገር ካለ ለእርስዎ ያለው ሰው አለ።

እርስዎ በሕይወት አሉ፤ ጡረታ ላይ ነዎት፤ ጋዜጣና መጽሔት እንደሚያነቡም ዐውቃለሁ። ይቅርታ እንዲጠይቁ አልፈልግም፤ ስለ ዘመኑ ክፋትም እንዲያስረዱኝ አልፈልግም፤ ከእርስዎ ባልተናነሰ ዐውቀዋለሁ። የምጠይቅዎ አንድ ጥያቄ ነው፤ መልሱም የአንድ ሰው ስም ነው። ከሰቆጣ የመጣው ጥያቄ ስለ ረዳት ምንም አላለም ነበር። ኪሮስ ከእኔ ጋር መያዙን፣ መልስዎን ከመላክዎ በፊት፣ ማን ነገረዎት?